ቀለሃ አይጣልም

ባዶ ዕቃ መጣል ከማይሆንለት ሰው ጋር አብሮ የኖረ ብቻ ነው የምለው የሚገባው። የኛ ቤት ማድ ቤት ሦስት ቁም ሣጥን አለው። አንደኛው የሁላችንም ነው ይባላል። ስኳር ፍለጋ የከፈተው ሰው ግን ራሱ ላይ የሚወርድበት የጋሼ ንብረት ነው፤ የኒዶ ቆርቆሮ፣ የእርጎ ኩባያ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የሽቶ ጠርሙስ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ክዳን። ሁሉም ታጥቦና ደርቆ፣ ትልቁ ትንሹን ውጦ ተደርድሯል።

«ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ምን ይሠራልዎታል?» ስንላቸው የአባታቸውን ርስት ሽጡ ያልናቸው ይመስል ገርመም ያደርጉናል።

«ቀለሃ አይጣልም» ይላሉ።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብሎ የሚያስብ ጋሼን አያውቃቸውም። ገና መጀመሩ ነው።

የምንኖርባት አል ጋርሁድ ከዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር የተለጠፈች ሰፈር ናት። ኤምሬትስ አየር መንገድ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው። አውሮፕላን በጣራችን ላይ ሲያልፍ ወሬ እናቆማለን፤ ካለፈ በኋላ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። የሰፈሩ ሰው ግማሹ ሰማይ ላይ ይሠራል፤ ግማሹ ሰማይ ላይ የሚሠራውን ያመላልሳል፣ ያበስልለታል፣ በር ይጠብቅለታል። እኛ ከሁለተኛው ግማሽ ነን።

ጋሼ ሴኩሪቲ ናቸው። የሚጠብቁት ፎቅ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ነው። የታጠቁት አንድ የእጅ ሬዲዮ፣ አንድ መዝገብና አንድ እስክሪብቶ ነው። የእስክሪብቶው ክዳን መጨረሻው የት እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ጥይት ይዞ መገኘት ቀልድ አይደለም፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ መሣሪያውንም ጥይቱንም ፈንጂውንም አንድ ላይ ጠርንፎ ይዞታል። ስለዚህ ጋሼ ሌባ ቢመጣ መዝገቡ ላይ ስሙን ያስፈርሙታል ማለት ነው።

ታዲያ ጠመንጃ በሌለበት አገር የጠመንጃ ወሬ እንዴት እንደሚፋፋ ልነግራችሁ አልችልም። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም የሚባለው እኮ አህያ ላለው ነው። እኛ ቅዳሜ ማታ ቡና ሲፈላ እንሰበሰባለን፤ ጋሼ፣ የጎንደሩ ሾፌር፣ እኔ፣ አንዲት ፊሊፒናዊት ጎረቤታችን፣ ቡናውን የምታፈላው ደግሞ እትዬ ናት። እትዬ በአንድ ቪላ ቤት ወጥ ቤት ሆና ትሠራለች። በእረፍቷ ቀን እኛ ዘንድ ስትመጣም ጀበና እንጂ ትራስ አይሰጣትም።

ነገር ነገርን ያነሳል። ሾፌሩ ስለ ሳሊክ ማማረር ይጀምራል። ሳሊክ የመንገድ ቀረጥ ነው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በሮች አንዱ የኛው የጋርሁድ ድልድይ ነበር። መኪናው ባለፈ ቁጥር 4 ድርሃም፣ አሁን ደግሞ በመጨናነቂያ ሰዓት 6 ድርሃም፣ ከሒሳብ እልም ይላል።

«ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚተኩስብህ» ይላል ሾፌሩ።

ተኩስ የሚለውን ቃል የሰሙት ጋሼ ሲኒያቸውን ያስቀምጣሉ። አለቀልን።

የአባታቸው ሽጉጥ ጣሊያን ሠራሽ፣ ባለ ስድስት ጎራሽ ነው። እሳቸው ሲገልጹት ስሰማ፣ የጣሊያን ጦር በ1889 እ.ኤ.አ. ተቀብሎ እስከ ኋለኛው ወረራ ድረስ የተጠቀመበት ቦዴዮ የሚባለው ይመስለኛል። አያታቸው በአርበኝነት ዘመን ከአንድ ሹም ላይ ማረኩት። (ከጎጃም መጥቶ አያቱ ከበላይ ዘለቀ ጋር ያልዘመተ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ያ ሁሉ ሕዝብ ከዘመተ ጣሊያን እንዴት አምስት ዓመት ቆየ ብዬ በጠየቅሁበት ማታ ሁለተኛው ቡና እኔን ዘሎኝ አልፏል።)

ጣሊያን ሲወጣ ሽጉጡ ቀረ፤ ጥይት አቅራቢው ግን አብሮ ወጣ። የምርኮ መሣሪያ ጣጣው ይኼ ነው። ጠላትህን ስታባርር ጥይት የሚያመጣልህንም አብረህ አባረርክ። 10.35 ሚሊ ሜትር የምትሆን የጣሊያን ጥይት ከየትኛው የጎጃም ገበያ ትገኛለች? ስለዚህ የጋሼ አባት የተኮሱትን ቀለሃ መልሰው ይሞሉ ነበር። የጎበጠውን አቃንተው፣ ባሩድ ሰፍረው፣ አረር አቅልጠው፣ ቂጡ ላይ ያለችውን መለኮሻ አድሰው። መለኮሻዋ እንዴት እንደምትታደስ ጋሼ በዝርዝር ተርከውልናል፤ እኔ አልጽፈውም። ወግ አንብቦ ጣቱን የሚያጣ ጎረምሳ አይጠፋም።

ቀለሃው መጀመሪያ ስድስት ነበር። ናስ በተሞላና በተተኮሰ ቁጥር ይደርቃል፤ በመጨረሻ አፉ ጫፍ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያወጣና ከጨዋታ ይወጣል። እንዲህ ሆነው ሁለቱ ከሥራ ተሰናበቱ። አባትየው አራቱን ጉድጓድ አጉርሰው፣ ሁለቱን ባዶ ይዘው፣ ሠርግም ልቅሶም ይሄዱ ነበር።

«አራቱ ለጠላት፣ ሁለቱ ለስም» ይላሉ ጋሼ።

«ፊት ለፊት ለቆመ ሰው እኮ ባዶው ጉድጓድ ይታየዋል» አለ ሾፌሩ አንድ ቀን፤ መካኒክነት ይቃጣዋል።

«ፊት ለፊት ቆሞ የሚቆጥር ከሆነ፣» አሉ ጋሼ፣ «ቆጥሮ አይጨርስም።»

ጋሼ ክላሽ አይወዱም። ምክንያታቸውን ስሰማ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ በኋላ ሳስበው ግን ከብዙ የጦር መሣሪያ አዋቂ ነን ባይ የተሻለ ነው። የስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ጨዋነቱ የበላበትን ዕቃ አለመጣሉ ነው። ተኩሶ ሲያበቃ ቀለሃው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ቆጥሮ ተረክቦ ወደ ኪሱ ይከታል። ክላሽ ግን ይተፋል። ወደ ቀኝ፣ ሣር ውስጥ፣ ጤፍ ውስጥ፣ የሰው ማሳ ውስጥ። ብዙው የክላሽ ቀለሃ ደግሞ ናስ ሳይሆን ብረት ነው፤ ለቅሞ ቢያመጡትም መልሶ የሚሞላው የለም።

«የሀብታም ልጅ ነው» ይላሉ። «አንድ ጊዜ ጎርሶ ሳህኑን የሚወረውር።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደኔ ነበር። ጠዋት የእርጎ ኩባያ ጥዬ ነበር።

አንድ ነገር ግን ግራ ይገባኝ ነበር። አባታቸው አሮጌዋን መለኮሻ ከቀለሃው ለማውጣት ብቻ ግማሽ ቀን ይታገሉ ነበር ይላሉ። እኔ ደግሞ አሜሪካዊ ጡረተኞች ጋራዣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ቡናቸውን እየጠጡ፣ ለአያታቸው ዘመን ሽጉጥ ጥይት ሲሞሉ በቪዲዮ አይቻለሁ። እዚያ ነገሩ መዝናኛ ነው፤ ከ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእጅ እንደ ጉጠት የሚጨመቅ መሙያ ከሱቅ ይገዛል። መለኮሻው አንዴ ገፋ ሲያደርጉት ዱብ ይላል። ምን ለየን?

የለዩን ሁለት ሰዎች ናቸው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሃይረም በርዳንና እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ቦክሰር የየራሳቸውን መለኮሻ አወጡ። የቦክሰር ቀለሃ መሐል ለመሐል አንድ ቀዳዳ አለው፤ በአፉ በኩል ቀጭን ዘንግ ሰድዶ አሮጌውን ገፍቶ ማስወጣት ነው። የበርዳን ግን ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንና ከመሐል ወጣ ያሉ ናቸው። ዘንግ አይገባላቸውም፤ ከውጭ በኩል እየነቀሱ መፈልቀቅ ነው። ጉዱ ታዲያ ምንድን ነው፤ አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ወሰደች፣ አውሮፓ የአሜሪካዊውን ወሰደ። ምርኮ ደግሞ የመጣልን ከአውሮፓ ነው። የጋሼ አባት ያን ሁሉ ግማሽ ቀን የታገሉት ከአንድ አሜሪካዊ ኮሎኔል ጋር መሆኑን ሳያውቁ አረፉ።

ይህን ግኝቴን ለጋሼ በኩራት ነገርኳቸው።

«ኮሎኔሉ ጎጃም መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን አገባው?»

እትዬ በዚህ ሁሉ መሐል ዝም ብላ ታራግባለች። አንዳንዴ ብቻ፣ «ጠመንጃችሁን ሰብስቡና ሲኒ አቀብሉኝ» ትላለች። ስለ ቀለሃ ያላት አስተያየት አጭር ነው፤ ወንድ ልጅ ሲያረጅ ይቆጥራል። ይሁን እንጂ ባለፈው ወር በካርጎ ወደ አገር ቤት ዕቃ ስትልክ ክዳኑ ግጥም የሚል ቆርቆሮ ቸገራት። ጋሼ ምንም አላሉም። ቁም ሣጥኑን ከፍተው፣ ከትልቁ ኒዶ ውስጥ መካከለኛውን፣ ከመካከለኛው ውስጥ ትንሹን እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድሩ ያየ ሰው፣ ዝናራቸውን ፈትተው ለጓድ የሚያካፍሉ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ የጋሼን ወሬ ስታቋርጥ ድምፅዋ ቀንሷል።

ለነገሩ ጋሼ የሚቆጥሩት በከንቱ አይደለም። በምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በብዙ የአገራችን ገበያ ጥይት ራሷ ገንዘብ ነበረች። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. የሠሩት፣ የኛ ሰው ውጅግራ ያለው ጠመንጃ አለ፤ አፉ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቷ ከአሞሌ ጨው ጎን ሆና እንደ ዝርዝር ታገለግል ነበር። ማርትሬዛ ብር ለበሬ፣ ጥይት ለዶሮ በሉት። እንግዲህ አስቡት። ጥይት ገንዘብ በሆነችበት ገበያ፣ የተተኮሰ ቀለሃ አንስቶ ማታ በኩራዝ ሞልቶ ጠዋት ይዞ የሚወጣ ሰው ዛሬ በምን አንቀጽ ነው የሚከሰሰው? የጦር መሣሪያ ነው ወይስ የብሔራዊ ባንክ? ዶሮ ሻጯስ ያቺ ጥይት ፋብሪካ የሞላት ትሁን ማታ የተሞላች ሳትተኩስ በምን ታውቃለች? ብትተኩሳትስ ምኑን ትመነዝራለች?

መሣሪያ ያለ ጥይቱ ምን እንደሆነ ትልልቆቹም ያውቁታል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ጊዜ፣ በ1879 ዓ.ም. ለሸዋው ንጉሥ ምኒልክ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ይዞ መጣ። ጠመንጃው በአፈሙዝ የሚጎርስ የድሮ ካፕሱል ነው፤ ጥይቱ የሬሚንግተን ነው። አንዱ ለአንዱ አይሆንም። ምኒልክ ግን የሰው ስህተት አይጥሉም፤ ሬሚንግተኑ ቀድሞም በእጃቸው አለ፣ ጥይቱን ፈለጉት። በዋጋው አንቀው ተከራክረው፣ የሞተበትን የሸሪኩን ዕዳ ቀንሰው፣ ገጣሚውን ባዶ እጁን ሊሰዱት ምንም አልቀራቸው። ራምቦ ከዚያ በኋላ በጻፋቸው ደብዳቤዎች ያለቃቀሰውን ያህል በግጥሞቹ አላለቃቀሰም።

የጋሼ ወሬ ሁልጊዜ የሚያልቀው በአንድ ጎረቤታቸው ነው። ጎረቤትየው ሰነፍ ነበር። ባሩድ ማዘጋጀት ሰለቸውና ከአዲስ ጠመንጃ ጥይት ያወጣውን ባሩድ በአሮጌ ሽጉጥ ቀለሃ ውስጥ ሞላ። የድሮው ጥቁር ባሩድ ጭሱ ብዙ፣ ጉልበቱ ለስላሳ ነው፤ የአሮጌ ሽጉጥ ብረት የተሠራው ለሱ ነው። በ1884 እ.ኤ.አ. ፖል ቪዬይ የሚባል ፈረንሳዊ ያወጣው ጭስ አልባ ባሩድ ግን በትንሹ ብዙ ይገፋል። ሽጉጡ ለምሥራቹ የተኮሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎረቤትየው ከዚያ ወዲያ ሰላምታ በግራ እጁ ነበር።

ይህን የሚያህል ቂልነት የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥይት በመሙላት አሜሪካ ውስጥ ስሙ የገነነው ኤልመር ኪዝ፣ በ1925 እ.ኤ.አ. የነጻነት በዓላቸውን ሌሊት በአሮጌ ኮልት ሲያከብር፣ ራሱ አብዝቶ የሞላት ጥይት የሽጉጡን ወገብ ቆርሳ ወሰደች። እሱ ግን ስለዚያ መጽሔት ላይ ጻፈና ዝነኛ ሆነ። የኛው ጎረቤት የሚጽፍበት መጽሔት አልነበረውም፤ የሚጽፍበት እጅም እንዲሁ።

ፊሊፒናዊቷ ጎረቤታችን ይህን ሁሉ የምትከታተለው ሾፌሩ በሚተረጉምላት እንግሊዝኛ ነው፤ ምን እንደሚደርሳት እግዜር ይወቅ። አንድ ማታ ግን ጋሼ አገር ቤት ሲሄዱ ከአባታቸው ቀለሃ አንዷን በአንገታቸው አንጠልጥለው እንደሚመለሱ ሲናገሩ ብድግ አለች። ትዝ ያላት የአገሯ ጣጣ ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ማኒላ አውሮፕላን ማረፊያ በሰው ሻንጣ ውስጥ ጥይት ተገኘ እየተባለ መንገደኛ ሲታሰር፣ ጥይቱን ራሳቸው ሠራተኞች እያስቀመጡ ገንዘብ ይቀበላሉ የሚል ክስ ተነስቶ አገሩ ታመሰ። መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን በፕላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎ ይሄድ ነበር። እዚያም አንዳንድ ሰው ጥይት እንደ ክታብ ይይዛል።

«ባዶ ቀለሃ እኮ ነው» አሉ ጋሼ።

«ባዶ መሆኑን የምታስረዳው ከታሰርክ በኋላ ነው» አለች። ሾፌሩ ይህን «ከታሰሩ በኋላ ነው» ብሎ በአንቱታ ተረጎመው፤ ፍርሃቱ ግን አልቀነሰም።

ሾፌሩ አዘነላቸውና አንድ እሑድ ወደ ሻርጃ ወሰዳቸው። እዚያ መታወቂያ አሳይቶ፣ ገንዘብ ከፍሎ የሚተኮስበት ቦታ አለ። ጋሼ መነጽርና የጆሮ መከደኛ አደረጉ። ሽጉጡ የሚተፋ ዓይነት ነበር። ተኮሱ፤ ወረቀቱ ላይ ምን እንደመቱ ግን ዞር ብለው አላዩም። እጃቸውን ባዶ ካደረጉ በኋላ ወዲያው በርከክ ብለው ቀለሃ መልቀም ጀመሩ።

«ኸሊ ባባ፣ ኸሊ!» ይላል አስተኳሹ፣ ተዉት እያለ።

«ከፍያለሁ እኮ።»

የከፈሉት ለጥይቱ እንጂ ለቀለሃው እንዳልሆነ ለማስረዳት ሦስት ቋንቋ ፈጀ። በአማርኛ፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ አልገባቸውም። ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ዝም አሉ፤ በመጨረሻ ጋርሁድ ድልድይ ላይ ሳሊክ ሲቆርጥ፣ «በየት አገር ነው በግ ገዝቶ ቆዳውን የሚተው?» አሉ።

ይህ አገር ራሱ እንዲህ አልነበረም።  የነዳጅ ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት የዚህ አገር ሰውም ጠመንጃውን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ዛሬ ወጣቶቹ ዮላ በሚባለው ጨዋታ ጠመንጃ አሽከርክረው ወደ ሰማይ ወርውረው ይቀልባሉ። ጋሼ ይህን በቴሌቪዥን ሲያዩ አይናቸውን ይጨፍናሉ። ጠመንጃ አይወረወርም። ጠመንጃ አይሽከረከርም። ቢወድቅስ?

የሚያጽናናቸው ረመዳን ነው። የዱባይ ፖሊስ በየሰፈሩ መድፍ ያቆምና ፀሐይ ስትገባ ጾም መፍቻውን ያሰማል። አረር የሌለው፣ ባሩዱ ብቻ። ጋሼ ክርስቲያን ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ግን ከሥራ ፈቃድ ጠይቀውም ቢሆን መድፉ ዘንድ ይደርሳሉ። ሰዉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ጓ ሲል አንድ ጊዜ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አጠገባቸው የቆመው ሰው ተምሩን ሲያቀብላቸው ተቀብለው አመስግነው፣ «ትንሽ ባሩድ አንሷታል» ይሉታል። በአማርኛ ነው። ሰውየው፣ አሚን፣ ይላል።

በቀደም ወደ ቤታቸው በኢሞ ደወሉ። አገር ቤት የጦር መሣሪያ አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መያዝ የለም። ታናሽ ወንድማቸውን ሽጉጡን ምን አደረግኸው አሉት።

«አለ፣ ሳጥን ውስጥ። ምን ይሠራል? ጥይት የለው።»

«ቀለሃዎቹስ?»

«ልጆች ፉጨት ያደርጉባቸዋል።»

እውነትም ከወዲያ በኩል ፊ... የሚል ድምፅ ይሰማል። ጋሼ ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉና ጥቂት አዳመጡ።

«ስንት ናቸው?»

«ሦስት።»

«አራት ነበሩ!»

ወንድምየው መጀመሪያ ዘነጋሁት አለ። ቀጥሎ ልጆቹ ናቸው አለ። በመጨረሻ ዶሮ ሳትውጣት አትቀርም አለ። እትዬ ማራገቢያዋን አስቀምጣ መጣች፤ ሾፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«የትኛዋ ዶሮ?» አሉ ጋሼ።

«ገብስማዋ።»

«አለች?»

«ለፋሲካ ታርዳ የለ እንዴ።»

«ማነው ያወጣጣት?»

ወንድምየው ሚስቱን ሊጠራት ሄደ። እሷ መጥታ አቤት ጋሼ ስትል ደግሞ አንድ አውሮፕላን በጣራችን ላይ ደረሰና ሁላችንም ዝም ብለን ጠበቅን፤ ካለፈ በኋላ ጋሼ፣ «የዶሮዋን መቋደሻ ማን ነው የበላው?» አሉ።